የሚቀመሰውና የማይነገረው፦ የአንድ ቀን የወይን ጠጅ ጉብኝት በኬፕ

ለዕረፍት ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን የሚሄድ መንገደኛ ሦስት ነገሮችን ሳያደርግ አይመለስም ይባላል። የጠረጴዛ ተራራን ይወጣል፤ በጀልባ ወደ ሮበን ደሴት ይሻገራል፤ አንዱን ቀን ደግሞ ለወይን ጠጅ ይሰጣል። ይህ ሦስተኛው በአብዛኛው የሚፈጸመው በአስጎብኚ መሪነት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሚኒባስ ከሆቴሉ ደጅ ትቆማለች። ስምንት ወይም ዐሥር የማይተዋወቁ ሰዎች ይሳፈሩና ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ስቴለንቦሽ ይደርሳሉ፤ ከዚያም የሄልስሁክተን አቀበት አልፈው ወደ ፍራንሽሁክ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ በፓርል በኩል ይዞራሉ። በመንገዳቸው በሦስት ወይም በአራት ወይን መጥመቂያዎች ይቆማሉ፤ በየአንዱ አራት አምስት ዓይነት ይቀምሳሉ፤ በመካከል ምሳ ይበላሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከተማ ይገባሉ።

ይህ ዓይነቱ ጉብኝት ከሁለት ወገን ይናቃል። ወይን ጠጅ ዐዋቂዎች ነን የሚሉት ለጀማሪ የተዘጋጀ የችኮላ ትምህርት ነው ይሉታል፤ ገለልተኛ ተጓዦች ደግሞ መኪና ተከራይቶ በራስ መንገድ መሄድን የመሰለ ነገር የለም ባይ ናቸው። ሁለቱም ትችቶች ዒላማቸውን ስተዋል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ አንድ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ ሊኖረው የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ከ0.05 ግራም በታች ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ የዋለ ሰው የሄልስሁክተን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መሪ ይዞ ሊወርድ አይገባውም። ጀማሪ መሆንም ነውር አይደለም። እንዲያውም አስጎብኚው በአገሪቱ ሕግ ሠልጥኖ የተመዘገበ ባለሙያ በመሆኑ፣ ጎብኚው ለብቻው ቢሄድ የማያገኘውን መምህር ለአንድ ቀን ያገኛል። እንግዲህ ችግሩ ጉብኝቱ በአስጎብኚ መመራቱ አይደለም። መምህሩ ምን እንዲያስተምር እንደተፈቀደለትና ለትምህርቱ ምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠው ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። አራት መጥመቂያ፣ በየአንዱ አምስት ዓይነት ቢቀመስ፣ በቀኑ ሃያ ቅምሻ ይሆናል። በእያንዳንዱ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢቀዳ እንኳ ድምሩ 600 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ መደበኛ ጠርሙስ አራት አምስተኛ እጅ ነው። የወይን ጠጁ የአልኮል መጠን 13.5 በመቶ ቢሆን ጎብኚው ወደ 64 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል ጠጥቶ ይመለሳል። ይህም በሞቃት ፀሐይ ሥር፣ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ በአራተኛው መጥመቂያ ማንም ምንም አይቀምስም፤ ይጠጣል እንጂ። አስጎብኚው ስለ አፈሩና ስለ በርሜሉ የሚናገረው ሁሉ ሳቅና ጨዋታ ውስጥ ይሰምጣል፤ የቀኑ የመጨረሻ ባለቤት የዓመት ድካሙን የሚያቀርበው ምላሱ ለደነዘዘ እንግዳ ነው። በባለቤቱ ዓይን ሲታይ ይህ ከመናቅ ብዙም አይለይም።

እርግጥ ለዚህ የተዘጋጀ መፍትሔ በየጠረጴዛው ተቀምጧል፤ እርሱም መትፊያው ነው። ባለሙያዎች ወይን ጠጁን በብርሃን ያዩታል፣ ብርጭቆውን ያዞራሉ፣ ያሸቱታል፣ በአፋቸው ያንቀሳቅሱታል፣ ከዚያም ይተፉታል። የዕረፍት መንገደኛ ግን አይተፋም። ገንዘቡን ከፍሎበታልና ይጠጣዋል። ባለቤት በእጁ የቀዳውን መጠጥ ፊቱ ላይ መትፋት እጅግ በሚነወርበት ባህል ያደገ ኢትዮጵያዊ እንግዳማ፣ መትፊያውን የአበባ ማስቀመጫ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። ዕቃው ለባለሙያ የተሠራ ነው፤ የቅምሻው ብዛትም ለባለሙያ የተመጠነ ነው፤ የቀረበው ግን ለእንግዳ ነው። ሁለት መጥመቂያ ቢበዛ ሦስት ለአንድ ቀን ይበቃል የሚለው ሐሳብ የቁጠባ ሐሳብ አይደለም። ጎብኚው የከፈለበትን ነገር በትክክል እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው።

ይህ የመጠን ጥያቄ ነው። ከእርሱ የሚከብደው የትረካው ጥያቄ ነው።

የጣዕም ተመራማሪዎች ካረጋገጧቸው ነገሮች አንዱ ምላስ ብቻውን አለመቅመሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ ቀረበላቸው፤ ተማሪዎቹም ጠረኑን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚያገለግሉ ቃላት ነበር። በ2008 ደግሞ በካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት፣ አንዱ ወይን ጠጅ በ10 ዶላርና በ90 ዶላር ዋጋ ተለጥፎበት ሁለት ጊዜ ሲቀርብ፣ ቀማሾች ውድ የተባለውን ይበልጥ እንደወደዱት አሳይቷል፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍልም አብሯቸው መስክሯል። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙ ሰው የሚወስደው ወይን ጠጅ ዐዋቂነት ማጭበርበር ነው የሚል ፌዝ ነው። ፌዙ ግን ጥልቅ አይደለም። ጥናቶቹ የሚያሳዩት፣ ስለ መጠጡ የሚታየውና የሚነገረው ሁሉ ከመጠጡ ጋር ወደ ብርጭቆው እንደሚገባ ነው። ተራራው፣ ነጭ የተቀባው የጥንት ቤት፣ የአስጎብኚው ድምፅ፣ የቤተሰቡ ታሪክ፣ እነዚህ ሁሉ ይጠጣሉ። እንዲህ ከሆነ አስጎብኚው የሚናገረው ነገር የጉብኝቱ ማጀቢያ አይደለም፤ ከተሸጠው ዕቃ ግማሹ እርሱ ነው። ግማሹ ዕቃ ደግሞ እንደ ሌላው ግማሽ በጥራት ሊመዘን ይገባል።

ትረካው የሚጀምረው በቃላት ነው። በዓለም ዙሪያ ቅምሻ የሚካሄድበት ቋንቋ በአመዛኙ እ.ኤ.አ. በ1984 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዋ አን ኖብል ካቀረበችው የጠረን መንኰራኵር ጋር የተያያዘ ነው። መንኰራኵሩ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ "ክቡር"ና "ጨዋ" የመሳሰሉትን ባዶ ውዳሴዎች ትቶ ቀማሹ የሚያውቀውን የፍሬ፣ የቅመም፣ የእንጨት ጠረን እንዲጠራ አድርጓል። ይሁን እንጂ የማን ዕውቀት ነው? በአውሮፓ ቁጥቋጦ ላይ የሚበቅል ጥቁር እንጆሪ መሰል ፍሬ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ይህ ወይን ጠጅ እርሱን እርሱን ይሸታል ሲባል ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ምን አማራጭ አለው? ንትሲኪ ቢየላ ከክዋዙሉ ናታል ገጠር በ1999 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ወይን ጠጅ ቀምሳ አታውቅም ነበር። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ወይን ጠማቂ ተብላ ትታወቃለች፤ አስሊና የተሰኘ የራሷ ምርትም አላት። የመማሪያው የጠረን ዝርዝር ለእርሷ ባዕድ እንደነበረና ልጅነቷን ካሳለፈችበት መንደር በምታውቃቸው ጠረኖች እየተካች እንደተማረችው በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግራለች።

ከዚህ ቀላል ትምህርት ይገኛል። አስጎብኚው "ይህ እንዲህ ይሸታል" ከማለቱ በፊት "ምን ይሸትዎታል?" ብሎ ቢጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ኮሰረት ወይም ጤና አዳም፣ አዲስ የታጠነ የወይራ ጢስ፣ ወይም ገና ያልጠለለ ብርዝ ሊል ይችላል። መልሱ ስሕተት አይሆንም። የሰው ልጅ አፍንጫ የሚያስታውሰው ያደገበትን ቤት ነውና። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜም አይወስድም፤ የሚያስፈልገው ጎብኚውን ተቀባይ ብቻ አድርጎ ያለማየት ፈቃድ ነው።

ከቃላቱ ቀጥሎ ታሪኩ ይመጣል። በሚኒባሱ ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ያን ቫን ሪቤክ በ1655 የመጀመሪያዎቹን ወይኖች ተከለ፤ የካቲት ወር በገባ በሁለተኛው ቀን 1659 የመጀመሪያው የኬፕ ወይን ጠጅ መጠመቁን በማስታወሻው መዘገበ። ሲሞን ቫን ደር ስቴል በ1679 ስቴለንቦሽን በስሙ መሠረተ፤ በ1685 ኮንስታንሲያ የተባለውን ርስት ያዘ፤ ከዚያ ርስት የወጣው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ለናፖሌዎን እስከ ቅድስት ሄለና ግዞቱ ድረስ ተልኮለታል። በ1688 ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሁጉኖዎች መጥተው በኋላ ፍራንሽሁክ፣ ማለትም የፈረንሳዮች ማዕዘን፣ በተባለው ሸለቆ ሰፈሩ። በ1925 ፕሮፌሰር አብርሃም ፔሮልድ ፒኖ ኗርንና ሳንሶን አዳቅለው የአገሪቱ መለያ የሆነውን ፒኖታዥ አስገኙ። በ1971 ሦስት ገበሬዎች ተባብረው የስቴለንቦሽን የወይን መንገድ ከፈቱ፤ ዛሬ ሚኒባሱ የሚሄድበት የጉብኝት ሥርዓት ከዚያ ይመዘዛል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነት መሆኑም ነው ጉድለቱን የሚሸፍነው። ትረካው ተካዮችን፣ መሥራቾችን፣ አዳቃዮችን በስም ይጠራል፤ የቆፈረውንና የለቀመውን ግን አይጠራም። በ1658፣ ማለትም የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ከመጠመቁ አንድ ዓመት በፊት፣ ከአንጎላና ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎችን የጫኑ ሁለት መርከቦች ኬፕ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የባሪያ ንግዱ በእንግሊዞች እስኪከለከል ድረስ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ጭምር ከ60,000 በላይ ሰዎች ተጋዙ። ነጫጭ ግድግዳና ጥምዝ ግንባር ያላቸውን፣ ፎቶግራፍ የማይነሣባቸው ቀን የሌለውን እነዚያን ውብ ቤቶች በአብዛኛው የገነቡት እነርሱ ናቸው። በብዙ ርስቶች ግቢ ውስጥ በሁለት ነጭ ዐምዶች መካከል የተሰቀለ ደወል አለ፤ ጎብኚዎች ከሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ደወሉ ባሮችን ለሥራ ሲጠራ የኖረ ነው። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያ ዓረፍተ ነገር አይነገርም።

ባርነቱ ታኅሣሥ 1834 በሕግ ተሻረ፤ ነጻ ወጡ የተባሉት ሰዎች ግን "ተለማማጅ" በሚል ስም ለተጨማሪ አራት ዓመት ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተገደዱ። ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ መሬት ስላልነበራቸው እዚያው እርሻ ላይ ቀሩ። ለቀን ሥራቸው ከሚከፈላቸው ዋጋ ከፊሉ በገንዘብ ሳይሆን በቀን ብዙ ጊዜ እየተቀዳ በሚሰጥ ርካሽ ወይን ጠጅ ይከፈላቸው ነበር። ይህ በአፍሪካንስ ቋንቋ "ዶፕ" የተባለው ሥርዓት በ1960ዎቹ በሕግ ቢከለከልም በአንዳንድ እርሻዎች እስከ 1990ዎቹ ድረስ እንደዘለቀ ተመዝግቧል። ውጤቱ ትውልድ ተሻግሯል። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ከጠጡት አልኮል የተነሣ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው ዘላቂ የአካልና የአእምሮ ጉዳት በዓለም ላይ እጅግ ከፍ ባለ መጠን ከተመዘገበባቸው ስፍራዎች መካከል የምዕራብ ኬፕ የወይን ወረዳዎች ይገኛሉ። እንግዲህ በአንድ ሸለቆ ውስጥ፣ አንዱ መጠጥ ለአንዱ ሰው የዕረፍት ቀን ደስታ፣ ለሌላው ደግሞ የደመወዙ ክፋይና የልጁ ሕመም ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው እንዳይባል የቅርብ ጊዜውም አለ። በ2011 ሂዩማን ራይትስ ዎች በምዕራብ ኬፕ የፍራፍሬና የወይን እርሻ ሠራተኞች አያያዝ ላይ ብርቱ ትችት ያዘለ ዘገባ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ከደ ዶርንስ የተነሣው የእርሻ ሠራተኞች አድማ በክፍለ ሀገሩ ተስፋፋ። ሠራተኞቹ በቀን 150 ራንድ ጠየቁ፤ ዝቅተኛው የቀን ደመወዝም በመጋቢት 2013 ከ69 ወደ 105 ራንድ ከፍ አለ። ስለ ሠራተኞቹ አያያዝ እየመረመረ ማረጋገጫ የሚሰጥ የኢንዱስትሪው የራሱ ማኅበርም ከ2002 ጀምሮ አለ፤ ማረጋገጫው በአንዳንድ ጠርሙሶች ላይ ይታያል። አስጎብኚው ስለ ጠርሙሱ ቡሽ አምስት ደቂቃ ሲያብራራ፣ ስለዚህ ምልክት ግማሽ ደቂቃ ቢጨምር ጎብኚው በገንዘቡ የሚመርጥበት ነገር ያገኝ ነበር።

በተቃራኒው የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። ሰው ለዕረፍት የሚወጣው ሊያርፍ ነው ይላል። ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ቆጥቦ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው በምሳው ሰዓት ስለ ባርነት ማስተማር ግብዣን በለቅሶ እንደመቀየር ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ግን ያው መንገደኛ ከአንድ ቀን በፊት የት እንደነበረ ይዘነጋሉ። ሮበን ደሴት ነበር። እዚያ በ1997 የተከፈተውን ሙዚየም ወኅኒ ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ያስጎበኙት ራሳቸው በዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ፣ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ማንደላ የተኙበትን ጠባብ ክፍል አይቶ፣ ዝም ብሎ አዳምጦ ተመልሷል። ዕረፍቴን አበላሹብኝ አላለም፤ እንዲያውም ብዙዎች ከጉዟቸው ሁሉ የማይረሱት እርሱን እንደሆነ ይናገራሉ። (ለኢትዮጵያውያን ያ ደሴት ሌላም ትዝታ አለው። ለዐሥር ዓመት የታሰሩበት የቋንቋ ምሁሩ ኔቪል አሌክሳንደር፣ በ1888 ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ተርፈው በኋላ በደቡብ አፍሪካ ሎቭዴል ትምህርት ቤት ካደጉት የኦሮሞ ልጆች የአንዲቱ፣ የቢሾ ጃርሳ፣ የልጅ ልጅ ነበሩ።) ስለሆነም ጎብኚው እውነትን መስማት አይችልም የሚለው ግምት የጎብኚው አይደለም። ጉብኝቱን የሚሸጡት ሰዎች ስለ ጎብኚው ያላቸው ግምት ነው።

ደግሞም ታሪኩን ለማግኘት ከመንገድ መውጣት አያስፈልግም። ከስቴለንቦሽ ወደ ፍራንሽሁክ የሚወስደው መንገድ ፒኒየልን አቋርጦ ያልፋል። ይህች መንደር በ1843 ከባርነት ለወጡ ሰዎች መኖሪያ እንድትሆን የተመሠረተች የሚስዮን መንደር ናት፤ ዘሮቻቸው ዛሬም ይኖሩባታል፤ ነጭ ቤተ ክርስቲያኗ ከመንገዱ ይታያል። ሚኒባሱ ግን ለምሳ ቀጠሮ ስለሚቸኩል ሳይቆም ያልፋታል። በፍራንሽሁክና በፓርል መካከል ደግሞ ቀድሞ ቪክተር ቨርስተር ይባል የነበረው ወኅኒ ቤት አለ፤ ማንደላ በየካቲት 1990 ከሃያ ሰባት ዓመት እስራት በኋላ እየተራመዱ የወጡት ከዚያ በር ነው። እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡበት ሐውልት በሩ ላይ ቆሟል፤ ዙሪያውን ወይን ነው። በአንድ ቀን ጉብኝት ውስጥ ለፒኒየል ሃያ ደቂቃ፣ ለዚህ በር ዐሥር ደቂቃ መስጠት አራተኛውን መጥመቂያ ከመሰረዝ ያለፈ ዋጋ የለውም።

የመጥመቂያ ባለቤቶችንም በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይሆንም። በፍራንሽሁክ ሸለቆ ሶልምስ ዴልታ የተባለው ርስት በባለቤቱ በነርቭ ሳይንቲስቱ ማርክ ሶልምስ አነሣሽነት በግቢው ቁፋሮ አስደርጎ፣ በእርሻው የኖሩ ባሮችን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ከፍቶ፣ ሠራተኞቹንም በባለድርሻነት አስገብቶ ነበር። ርስቱ በኋላ በገንዘብ ችግር ውስጥ ወደቀ። ከዚህ ተነሥቶ እውነት መናገር አያዋጣም ብሎ መደምደም ግን አመክንዮው የላላ ነው፤ አንዳች ሳይናገሩ የከሰሩ የወይን እርሻዎችም በዚያ አገር ብዙ ናቸውና። ይልቅስ ምሳሌው የሚያስረዳው ሸክሙን አንድ ርስት ብቻውን ሊሸከመው እንደማይችል ነው። ታሪኩ በአንድ በር ላይ የሚታይ ልዩ ትርዒት ከሆነ ጎብኚው ይመርጠዋል ወይም ይተወዋል። በሚኒባሱ ውስጥ ጠዋት ከኬፕ ታውን ሲወጡ የሚነገር መደበኛ ትምህርት ከሆነ ግን ሁሉም ይሰማዋል፤ የትኛውም ባለቤት ለብቻው አይጎዳም።

እዚህ ላይ የአስጎብኚው ሁኔታ መታየት አለበት፤ ነቀፋው ሁሉ በእርሱ ላይ እንዳይወድቅ። አስጎብኚው ብዙ ጊዜ ከሚናገረው በላይ ያውቃል። የቀኑን መርሐ ግብር ያወጣው እርሱ አይደለም። ገቢው በከፊል በጉርሻ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጉርሻ ደግሞ የሚሰጠው ለደስታ እንጂ ለሐቀኝነት አይደለም። ተሳፋሪዎቹ ማታ በስልካቸው የሚሰጡት ምዘና የነገ እንጀራው ነው። ነገ ደግሞ ተመልሶ ወደዚያው ባለቤት በር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ደወሉ ሥር ቆሞ ዝም ቢል ፈሪ ነው ማለት አይቻልም። ለአስጎብኚው በቂ ቋሚ ክፍያ መስጠትና የትረካውን ዋና ነጥቦች በአስጎብኚዎች ሥልጠና ውስጥ ማስገባት ከምክር ሁሉ ይበልጣል። ባለቤቱ ቅር ቢሰኝ "የተማርኩት ነው" ብሎ የሚጠለልበት ጥላ ያገኛልና።

ሌላው ሊለወጥ የሚገባው፣ ጉብኝቱ ከቅምሻ ክፍል የማይወጣ መሆኑ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ አራት ጠረጴዛና አራት ፈገግተኛ ቀጂ ያየ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ በወይን ረድፎች መካከል ሳይራመድ ይመለሳል። ለቀማው የሚካሄደው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ይህም የአውሮፓን ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ቱሪስቶች ከሚበዙበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል፤ ስለዚህ የለቀማን ሥራ ለማየት የሚያመች ጊዜ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ ተገቢ ክፍያ ተከፍሎት፣ አንድ ዘለላ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የበሰለው ካልበሰለው በምን እንደሚለይ፣ ግንዱ በክረምቱ እንዴት እንደሚገረዝ ለአንድ ሰዓት ቢያሳይ፣ ያ ሰዓት ከሁለት ተጨማሪ ቅምሻ ይበልጣል። መታየት ያለበት ግን መምህር ሆኖ ነው፤ ከመኪና መስኮት ፎቶግራፍ የሚነሣ የመልክዓ ምድሩ ክፍል ሆኖ አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ክፍያውና ስሙ ነው፤ ወይን ጠማቂው በስሙ ከተዋወቀ ለቃሚውም በስሙ ሊተዋወቅ ይገባዋል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዝዋይ በሚባለው የዛሬው ባቱ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻና መጥመቂያ ከ2014 ጀምሮ ምርቱን በሪፍት ቫሊና በአካሺያ ስም ለገበያ ያቀርባል። መንገዱ ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ ለዕረፍት የሚወርደው ሕዝብ የሚያልፍበት ነው፤ የአንድ ቀን ጉብኝት እዚያ ቢስፋፋ የሚያስገርም አይሆንም። አገሪቱ ወይን ከኬፕ እጅግ ቀድማ የምታውቅ ናት፤ ዘቢቡ ለቅዳሴ፣ ጠጁ ለግብር ነበር። ገና ያልተጻፈ የጉብኝት ትረካ በእጅ ያለ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ኬፕ ሦስት መቶ ዓመት የተጠራቀመ ዝምታ መስበር ሲኖርባት፣ ባቱ ዝምታውን ሳትጀምረው ልትቀር ትችላለች።

ለዚህም የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ጥቂት ነገሮችን መወሰን ነው። መሬቱ በማን እጅ እንደነበረና አሁን በምን ውል እንደተያዘ፣ የመስኖው ውኃ ከየት እንደሚመጣና ከሐይቁ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው፣ ለቃሚዎቹ እነማን እንደሆኑና በቀን ስንት እንደሚያገኙ አስጎብኚው ሲጠየቅ ሊመልስ የሚችል ይሁን። ከወይን ጠጁ አጠገብ ብርሌ ይቀመጥ፤ ከማርና ከጌሾ የተጠመቀ ጠጅም ይቀዳ፤ ከውጭ የመጣው እንግዳ ደግሞ ስለ ጌሾ ምሬት ቃል ሲያጣ አስጎብኚው በትዕግሥት ይጠብቀው። መርሐ ግብሩም ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት መጥመቂያ ብቻ ይያዝ፤ ባቱ ላይ አንድ፣ ሌላውም ጠጅ የምትጥል ባልቴት ቤት፣ ክፍያው አስቀድሞ በእጇ ተሰጥቶ።